ውሉ ሳያልቅ ደመወዝ ሲቀነስ
በባዕድ አገር የሚያስተምር ሰው ፊት የሚቀርበው ወረቀት



ስለ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ሲወራ በአብዛኞቻችን ቤት ቀድማ የምትታወሰው በቤት ሠራተኝነት የሄደችው እህታችን ናት። የእሷ ጉዳይ ብዙ የተባለበት፣ ገናም ብዙ የሚባልበት ነው። ዛሬ የምናወጋው ግን በዚያው አገር ስላለና ችግሩ እምብዛም ስለማይነገርለት ሌላ ስደተኛ ነው፤ ስለ ባዕድ አገር መምህር። በዱባይ፣ በሻርጃ፣ በዶሃ፣ በኩዌትና በጅዳ የግል ትምህርት ቤቶች ሰሌዳ ፊት ከሚቆሙት መካከል እጅግ ብዙዎቹ ከግብፅ፣ ከዮርዳኖስ፣ ከህንድ፣ ከፓኪስታን፣ ከፊሊፒንስና ከብሪታንያ የመጡ ናቸው። «የተማረ ሰው ነው፤ ኮንትራት ፈርሞ ነው የሄደው፤ ማን ይነካዋል?» እንላለን። እ.ኤ.አ. በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ ሲገባ ግን ኮንትራቱም፣ የተማረው ሰውም ተፈተኑ።

በዚያ ዓመት ማርች ወር መጀመሪያ ላይ ኩዌት፣ የተባበሩት ዓረብ ኤሚሬቶችና ሳዑዲ ዐረቢያ በቀናት ልዩነት ትምህርት ቤቶቻቸውን ዘጉ። ትምህርቱ ወደ ኮምፒዩተር ዞረ። ሥራ ያጡ ወላጆች ክፍያ ማዘግየት ጀመሩ፤ ሥራ ያላጡትም «ልጄ ቤት ተቀምጦ እየተማረ ሙሉ ክፍያ ለምን?» አሉ። በርከት ያሉ ትምህርት ቤቶችም ለወላጅ ቅናሽ አደረጉ። ቅናሹ ከየት ይምጣ? ከባለቤቱ ትርፍ፣ ከሕንፃው ኪራይ፣ ወይስ ከአስተማሪው ደመወዝ? ከሦስቱ መከራከሪያ አቅም የሌለው የትኛው እንደሆነ አንባቢ ያውቀዋል።

ወረቀቱ

ነገሩ እንዲጨበጥ አንዲት አስተማሪ በሐሳባችን እንቅረጽ። ከህንድ ኬረላ ጠቅላይ ግዛት የመጣች ሙስሊም እህታችን ናት እንበል። ሻርጃ ውስጥ ሒሳብ ታስተምራለች። በኮንትራቷ ላይ የተጻፈው ወርኃዊ ክፍያ 5,000 ድርሃም ነው። ሁለት ልጆቿ እዚያው በምታስተምርበት ትምህርት ቤት ለመምህራን በሚደረገው ቅናሽ ይማራሉ። ኮንትራቷ ሊያበቃ አሥራ አራት ወር ይቀረዋል።

አንድ ቀን ርእሰ መምህሩ አስጠርቶ አንድ ገጽ ወረቀት ያቀርብላታል። ደመወዟ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ በ30 በመቶ ይቀነሳል ይላል። እስከ መቼ እንደሆነ አይልም።

«መምህርት፣ ሁኔታውን ያውቁታል። ሌሎቹ ፈርመዋል፤ እርስዎም ዛሬ ፈርመው ቢሄዱ ለሁላችንም ጥሩ ነው» ይላታል።

አነጋገሩ በአክብሮት የተሞላ ነው። ስድብ የለበትም፤ ማስፈራሪያም የለበትም። ማስፈራራት አያስፈልገውምና። የመኖሪያ ፈቃዷ ከዚያ ትምህርት ቤት ጋር የተሳሰረ መሆኑን ሁለቱም ያውቃሉ። ሥራው ከተቋረጠ በዚያን ጊዜ ሌላ ቀጣሪ ለማግኘት ወይም አገሩን ለቅቆ ለመውጣት ይሰጥ የነበረው ጊዜ ወደ 30 ቀን ገደማ ነበር (ከ2022 ወዲህ ረዝሟል)። የቤት ኪራይ ደግሞ በዚያ አገር ልማድ ቀኑ ገና ባልደረሰ ቼክ አስቀድሞ የተሰጠ ነው፤ ቼኩ ደመወዝ መቀነሱን አያውቅም። አውሮፕላንም በዚያ ሰሞን አይበርም። እንዲህ ባለ ሁኔታ ውስጥ ያለች ሴት «ተስማምቻለሁ» ብላ ብትፈርም፣ ስምምነት ነው ወይ?

የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ያለው እዚህ ጥያቄ ላይ ነው። በወረቀት ደረጃ ሕጎቹ ደመወዝ በአንድ ወገን ፈቃድ ብቻ እንዲቀነስ አይፈቅዱም። ስለዚህ ሕግ የሚያውቅ አሠሪ ቀንሶ አይከፍልም፤ መጀመሪያ ፊርማ ይጠይቃል።

ሕጎቹ ምን ይላሉ?

በኤሚሬቶች በ2020 ማርች መጨረሻ ላይ የሠራተኛ ጉዳይ ሚኒስቴሩ ቁጥር 279 የተባለ ውሳኔ አወጣ። የሚመለከተውም የግል ድርጅቶችን የውጭ አገር ሠራተኞች ነበር። አሠሪው በደረጃ እንዲሄድ ያዝ ነበር፦ በመጀመሪያ ከቤት ማሠራት፣ ቀጥሎ ደመወዝ የሚከፈልበት ፈቃድ፣ ቀጥሎ ያለ ክፍያ ፈቃድ፣ ከዚያ ደመወዝን ለጊዜው መቀነስ፣ በመጨረሻም ለዘለቄታው መቀነስ። ለጊዜው የሚቀነሰው ሁለቱ ወገኖች በሚፈርሙት ተጨማሪ ውል ነበር፤ አንዱ ቅጂ ከሠራተኛው ዘንድ ይቀር ነበር፤ ጊዜው ሲያበቃም ውሉ ይፈርስ ነበር። ለዘለቄታው የሚቀነሰው ግን ስምምነቱ ብቻ አይበቃውም ነበር፤ የሚኒስቴሩ ፈቃድ ያስፈልገው ነበር። እንግዲህ በእህታችን ፊት የቀረበው «እስከ መቼ» የማይል ወረቀት ከሁለቱ የትኛው ነው? ጊዜያዊ ነው እንዳይባል ማብቂያ የለውም፤ ዘላቂ ነው እንዳይባል ሚኒስቴሩ አላየውም።

ሳዑዲ ዐረቢያም በዚያው ሰሞን በሠራተኛ ሕጓ ማስፈጸሚያ ደንብ ላይ አንድ አንቀጽ ጨመረች። አሠሪና ሠራተኛ ለስድስት ወር ያህል ደመወዙን በተቀነሰው የሥራ ሰዓት ልክ ሊቀንሱ እንዲስማሙ ይፈቅድ ነበር። «በሥራ ሰዓት ልክ» የምትለዋን ልብ ይሏል። መምህሩ በኮምፒዩተር ማስተማር ሲጀምር ሰዓቱ ቀነሰ ወይስ ጨመረ? ያስተማረ ሁሉ ይመስክር። ቀን ክፍለ ጊዜውን ይሰጣል፤ ማታ በስልክ የተላከለትን የደብተር ፎቶግራፍ ያርማል፤ በዚህ መካከል «ድምፅህ አይሰማም» ለሚል ወላጅ መልስ ይሰጣል።

ከሁሉም ጠንከር ያለው የኩዌት ሕግ ነው። በ2010 የወጣው የግል ዘርፍ የሠራተኛ ሕግ፣ አንቀጽ 28፣ ኮንትራቱ እስካለ ድረስ የሠራተኛው ደመወዝ ሊቀነስ አይችልም ይላል። ሠራተኛው ራሱ ተስማምቶ ቢፈርም እንኳ ስምምነቱ እንዳልነበረ ይቆጠራል። ሕግ አውጪው የስደተኛ ፊርማ እንዴት እንደሚገኝ የገባው ይመስላል።

የሸሪዓው ሚዛን

በቁርኣን ውስጥ ከምናውቃቸው የሥራ ውሎች አንዱ የተፈጸመው ከባዕድ አገር በመጣ ሰው ነው። ነቢዩ ሙሳ (ዐ.ሰ.) ከግብፅ ሸሽተው መድየን በገቡ ጊዜ ዘመድ የላቸውም፤ ቤት የላቸውም፤ ከጥላ ሥር ተቀምጠው አላህን የሚለምኑ ስደተኛ ናቸው። የሁለቱ ልጃገረዶች አባት ሲያስጠጓቸው፣ ይህን ሰው እንደፈለግሁ ላሠራው እችላለሁ አላሉም። በሱረቱል ቀሶስ እንደምናነበው ዘመኑን ቆርጠው አስቀመጡ። ስምንት ዓመት ግዴታ፣ አሥር ቢሞላ ግን የሙሳ በጎ ፈቃድ ነው አሉ። ላስቸግርህ አልሻም ሲሉም ጨመሩበት። ሙሳም ከሁለቱ የትኛውን ብፈጽም በደል አይድረስብኝ ብለው አላህን ምስክር አደረጉ። ግዴታው የት እንደሚያበቃ፣ ፈቃዱ ከየት እንደሚጀምር በግልጽ ተለይቷል። አሠሪው ጠንካራ፣ ሠራተኛው ስደተኛ ሆኖ ሳለ ማለት ነው።

የፊቅህ ሊቃውንት ደግሞ ተቀጣሪን በሁለት ይከፍሉታል። አንደኛው ለተወሰነ ሥራ የሚቀጠር ነው፤ ልብስ ሰፊው ልብሱን ሰፍቶ ሲያስረክብ ይከፈለዋል። ሁለተኛው ጊዜውን ለአንድ አሠሪ ያከራየ ነው፤ አጂር ኻስ ይሉታል። የወር ደመወዝተኛው መምህር ከዚህኛው ወገን ነው። በኦስማን ቱርክ መንግሥት ዘመን ከ1869 እስከ 1876 የወጣውና በሐነፊ መዝሀብ ላይ የተመሠረተው «መጀላ» የተባለው የሕግ መጽሐፍ ስለ መምህር ለይቶ ይናገራል። ጊዜ ተወስኖለት የተቀጠረ መምህር ለማስተማር ተዘጋጅቶ እስከተገኘ ድረስ፣ ተማሪው ተማረም አልተማረም ክፍያው ይገባዋል ይላል። የተማሪው መቅረት የመምህሩ ዕዳ አይደለም። ይህ የተጻፈው ኮምፒዩተርም ኮሮናም ሳይታሰቡ ነው።

እዚህ ላይ ወደ አገራችንም ጎራ ብንል አይከፋም። በ2012 ዓ.ም. መጋቢት ወር ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ መድረሳዎችም ተዘግተው ነበር። ልጆቻችንን ቁርኣን የሚያስቀሩት ኡስታዝ በእነዚያ ወራት ምን በሉ? ከገጠር መጥተው በከተማ የሚያስተምሩ ኡስታዝ ለከተማው እንግዳ ናቸው፤ ስንቶቹስ በእጃቸው የተጻፈ ውል አለ? ስለ ዱባይ ባለ ትምህርት ቤት ስናማርር የየሰፈራችን የመድረሳ ኮሚቴ አባላት ይህን ጥያቄ ለራሳችን ብናቀርብ ደግ ነው።

አሠሪውስ ከቸገረው?

ፍትሕ ለሁለቱም ነውና የአሠሪውንም ወገን እንስማ። በ2020 በእውነት ካዝናቸው የተራቆተ ትናንሽ ትምህርት ቤቶች ነበሩ። ሁሉም አጭበርባሪ አልነበረም። ነገር ግን አላህ (ሱ.ወ.) ዕዳ ያለበት ሰው ሲቸግረው ያዘዘልን እፎይታ እንዲሰጠው ነው፤ ዕዳውን መተው የባለ ገንዘቡ ምጽዋት እንጂ የባለዕዳው መብት አይደለም። በዚህ ሚዛን «አሁን 3,500 ልክፈልሽ፤ ቀሪውን 1,500 ግን ዕዳ አድርገን እንጻፈውና ሲሻለን እንከፍላለን» የሚል አሠሪና «1,500ውን እርሺው» የሚል አሠሪ በጣም ይለያያሉ። የመጀመሪያው ጊዜ እየጠየቀ ነው፤ ሁለተኛው ንብረት እየጠየቀ ነው። ሒሳቡን ገልጦ የሚያሳይ፣ የራሱንም ድርሻ አስቀድሞ የቀነሰ ባለቤት መምህራኑን በበጎ ፈቃድ ሊያገኛቸው ይችላል። ሒሳቡን ሸሽጎ ፊርማ የሚለምንን ሰው ግን ማን ያምነዋል?

ከመፈረም በፊት

ወደ እህታችን እንመለስ። ብዙ ሰው የማያስተውለው አንድ ስሌት አለ። በኤሚሬቶች ሕግ አንድ የውጭ አገር ሠራተኛ ሥራውን ሲጨርስ ለመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት ለእያንዳንዱ ዓመት የ21 ቀን መነሻ ደመወዝ ይከፈለዋል። ስሌቱ የሚሠራው በመጨረሻው መነሻ ደመወዝ ነው። ከ5,000ው ውስጥ መነሻ ደመወዟ 3,000 ነው፤ የቀረው የቤትና የትራንስፖርት አበል ነው እንበል። አምስት ዓመት ካገለገለች በቀን 100 ድርሃም እየተሰላ 10,500 ይደርሳታል። መነሻው በ30 በመቶ ተቀንሶ 2,100 ከሆነ ግን 7,350 ብቻ ነው። ስለዚህ የተቀነሰው ያለፉትን የአገልግሎት ዓመታት ጭምር ይነካል፤ 3,150 ድርሃም ሳይነገራት ይሄዳል። ቅነሳ የማይቀር ከሆነ ከአበሉ እንጂ ከመነሻው እንዳይሆን መደራደር ያለባት ለዚህ ነው።

ሌላው፣ በተጠራችበት ቀን አለመፈረም ነው። «ወስጄ አንብቤ ነገ መልስ እሰጣለሁ» ማለት እምቢታ አይደለም። አሠሪው ይህን ከከለከለ ያ ራሱ አንድ መረጃ ነው። ከዚያ በቃል የተባለውን በጽሑፍ ማስመለስ፣ የኮንትራቱን ቅጂ አገር ቤት ላለ ዘመድም መላክ፣ ሥራውን ሳያጓድሉ መቀጠል። ተናድዶ ክፍል አለመግባት ለአሠሪው በእጁ ምክንያት መስጠት ነው፤ አጂር ኻስ ክፍያ የሚገባው ለሥራ ዝግጁ ሆኖ ሲገኝ ነው ብለናልና።

እህታችን በማግስቱ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ብትጽፍ መልካም ነው፦

«ትምህርት ቤቱ የደረሰበትን ችግር እረዳለሁ፤ ልጆቼም እዚሁ ይማራሉ። ከደመወዜ ውስጥ ከአበሉ 1,000 ድርሃም ለሦስት ወር ብቻ እንዲዘገይ እስማማለሁ። የዘገየው ገንዘብ በዕዳነት ተመዝግቦ ከሦስቱ ወር በኋላ በየወሩ 500 ድርሃም እየታከለ ይመለስልኝ። መነሻ ደመወዜ አይነካም። አራተኛው ወር ሲገባ ሙሉ ደመወዜ እንዲቀጥል በተጨማሪው ውል ላይ ተጽፎ የተፈረመበት አንድ ቅጂ ይሰጠኝ።»

ይህን ተቀብሎ የሚፈርም ርእሰ መምህር ይኖራል። ዝም ብሎ በወሩ መጨረሻ 3,500 ብቻ የሚያስገባም ይኖራል። ይህ ሁለተኛው በኤሚሬቶች የሚሸሸግ ነገር አይደለም፤ ከ2009 ጀምሮ የግል ድርጅቶች ደመወዝ በተመዘገቡ ባንኮችና የገንዘብ መለወጫ ቤቶች በኩል እንዲከፈል የሚያዝዝ ሥርዓት ስላለ የገባው ገንዘብ ልክ ተመዝግቦ ይገኛል። እሷም በራሷ ሒሳብ ላይ የባንኩን ማስረጃ ታወጣለች። አቤቱታው መጀመሪያ የሚቀርበው ለሠራተኛ ጉዳይ ሚኒስቴሩ ነው። ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ ከ50,000 ድርሃም ያልበለጠውን ክርክር ሚኒስቴሩ ራሱ መርምሮ ይወስናል፤ ወደ ፍርድ ቤት ከሄደም ከ100,000 ድርሃም ላልበለጠ የሠራተኛ ክስ የዳኝነት ክፍያ አይጠየቅም። ፓስፖርቷን አሠሪው ይዞባት ከሆነ፣ እሱም በሕጉ የተከለከለ ስለሆነ በዚያው አቤቱታ ላይ ታስገባዋለች።