የስላይዱ ጓዳ

ፓወርፖይንት እ.ኤ.አ. በ1987 ለማኪንቶሽ ኮምፒውተር ተሠርቶ በዚያው ዓመት ማይክሮሶፍት የገዛው፣ ጽሑፍንና ሥዕልን በስላይድ እየደረደረ ለተሰብሳቢ የሚያሳይ ሶፍትዌር ነው። ይህን የማያውቅ የቢሮ ሠራተኛ ጥቂት ነው፤ ብዙዎች የማያውቁት የፋይሉን ጓዳ ነው።

ከ2007ቱ የኦፊስ እትም ወዲህ የተለመደው የስላይድ ፋይል ብዙ ትናንሽ ፋይሎች በዚፕ የታሸጉበት ጥቅል ሲሆን፣ ኦኤልኢ በተባለው የዊንዶውስ አሠራር አማካይነት ከሌላ ፕሮግራም የመጣ ሰነድ በውስጡ ሊይዝ ወይም በሩቅ ኮምፒውተር የተቀመጠ ፋይል ሊጠራ ይችላል። ስለዚህ «ማክሮ ከሌለው አይጎዳም» የሚለው አባባል፣ ማለትም በሰነድ ውስጥ የሚጻፍ ትንሽ ፕሮግራም ካልተገኘ ሥጋት የለም የሚለው እምነት፣ ምንም ያህል ቢደጋገም ስሕተት ነው።

ለዚህ ከሁሉ የተሻለው ማስረጃ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2014 ይፋ የሆነውና ሲቪኢ-2014-4114 የሚል መለያ ቁጥር የተሰጠው የደኅንነት ክፍተት ነው። ሳንድዎርም የተባለው የመረጃ ጠላፊዎች ቡድን በዩክሬን የመንግሥት ሰዎች ላይ በዚህ ክፍተት ጥቃት ለማድረስ የተጠቀመበት ስላይድ ሁለት ፋይሎችን ከሩቅ ይጠራ ነበር፤ አንደኛው በስሙ ሥዕል ይምሰል እንጂ በውስጡ ፕሮግራም ነበር፣ ሁለተኛው ደግሞ ዊንዶውስ አዲስ መሣሪያ ሲገጠምለት የሚያነበው ዓይነት የመጫኛ መመሪያ ሆኖ የ«ሥዕሉን» ስም ለውጦ እንዲነሣ ያዝዝ ነበር። ማክሮ አልነበረም፣ የኮምፒውተሩም ማኅደረ ትውስታ አልተዛባም፤ ዊንዶውስ የታዘዘውን በታማኝነት ፈጸመ። ክፍተቱ የታየው በስላይድ ይሁን እንጂ የተቀመጠው በዊንዶውስ ውስጥ መሆኑም ሊዘነጋ አይገባም።

እንዲህ ያለ ክፍተት ሲገኝ፣ በተለምዶ አግኚው አስቀድሞ ለሠሪው በምስጢር ያሳውቃል፤ ማይክሮሶፍትም እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ማስተካከያዎቹን በየወሩ ሁለተኛ ማክሰኞ ያወጣል። የ2014ቱ ማስተካከያ በይፋው ቀን ቢወጣም፣ ፋይሎቹን ከሩቅ ከመጥራት ይልቅ በስላይዱ ውስጥ በማካተት ሊታለፍ እንደሚችል የጉግልና የማካፊ ባለሙያዎች ደረሱበት። ኩባንያው በሳምንቱ፣ ኦክቶበር 21፣ ሁለተኛ ማስጠንቀቂያ ከጊዜያዊ መከላከያ ጋር አውጥቶ፣ ሙሉውን ማስተካከያ ኖቬምበር 11 ቀን አቀረበ። የመጀመሪያው ሥራ ጎደሎ ነበር፤ ይሁንና መፍትሔው እስኪያልቅ ሳይጠብቁ ተጠቃሚን ማስጠንቀቅ ተገቢ ነበር።

ከማስተካከያዎቹ ሌላ ተጠቃሚው ራሱ የሚያገኘው መከላከያም አለ፤ ከኦፊስ 2010 ጀምሮ ከኢንተርኔት የወረደ ስላይድ «የተጠበቀ እይታ» በተባለ ገደብ ውስጥ ይከፈታል፣ ከላዩም ቢጫ መስመር ይታያል። ይህን ማስጠንቀቂያ ሳያነብ ለማረም የሚፈቅደውን ቁልፍ የሚጫን ሰው ባለሙያዎች የደከሙበትን አጥር በገዛ እጁ ያፈርሳል። ስላይዱን ማንበብ ብቻ የሚፈልግ ሰው ቁልፉን አይንካው፤ ለማንበብ የማረም ፈቃድ አያስፈልግም።