ገጹን በሌላ ሰው ዓይን ማየት

በክሮም የገንቢዎች መሣሪያ ውስጥ «ሬንደሪንግ» በሚባለው ክፍል የእይታ ችግሮችን የሚያስመስል ምርጫ አለ። ብዥታ፣ የተዳከመ ንፅፅር ወይም ቀለም ለይቶ አለማየት ሲመረጥ ገጹ ወዲያው ይለወጣል። ፋየርፎክስም ተመሳሳይ መሣሪያ አለው።

አንድ የምዝገባ ቅጽ እንውሰድ። ስህተት ያለበት ሳጥን ጠርዙ ቀይ፣ በትክክል የተሞላው አረንጓዴ ነው። «ዲዩተራኖፒያ» የተባለው ቀይና አረንጓዴን ለይቶ ያለማየት ችግር ሲመረጥ ሁለቱም ወደ ቡናማ ቢጫ ይቀርባሉ፤ ተመዝጋቢው የቱን እንደሚያርም አያውቅም። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ከሳጥኑ ሥር «ስልክ ቁጥሩ አንድ አሃዝ ይጎድለዋል» ብሎ መጻፍ። ዲዛይነሮች የሚወዱት ፈዛዛ ግራጫ ጽሑፍም በብዥታ ውስጥ ይጠፋል። ዓለም አቀፉ የተደራሽነት መመሪያ፣ ደብሊውሲኤጂ፣ በመካከለኛ ደረጃው ለመደበኛ ጽሑፍ ቢያንስ 4.5 ለ 1 ንፅፅር ይጠይቃል።

ማስመሰያ ግን ልክ አለው። ዓይንን ለአንድ ሰዓት መሸፈን ድንጋጤን እንጂ ዓይነ ስውር ተጠቃሚ በዓመታት ያዳበረውን ቅልጥፍና አያሳይም። የእንዲህ ያለውን ተጠቃሚ ልምድ ለመረዳት የሚሻለው ማውሱን አስቀምጦ በታብ ቁልፍ ብቻ መሄድና በዊንዶውስ ላይ በነፃ የሚገኘውን ኤንቪዲኤ የተባለ ስክሪን አንባቢ ከፍቶ ማዳመጥ ነው። ስያሜ ያልተሰጠው የቅርጫት ምልክት በጆሮ ሲሰማ «አዝራር» ብቻ ነው፤ የምን አዝራር እንደሆነ አይናገርም።