በር ሲጋጭ የሚበረግገው ልጅ



ባለፈው ክረምት ከደሴ ቁልቁል ወርደን ገራዶ ከአንድ ወዳጃችን ቤት ቡና እየጠጣን ነበር። በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ድንገት ቆርቆሮውን ይደበድበው ጀመር። ይኸኔ አጠገባችን የተቀመጠው ጎረምሳ ሲኒውን ጥሎ አልጋ ሥር ተወሸቀ። ታናናሾቹ ሳቁ፤ እናቱ ግን አልሳቁም። «አብሽር ልጄ፣ በረዶ ነው» ብለው ትከሻውን ዳሰሱትና ወደ እኛ ዞሩ። «ከዚያ ወዲህ እንዲህ ነው። በር ሲጋጭ፣ ጎማ ሲፈነዳ ይበረግጋል፤ ሌሊት አይተኛም። ጎረቤት ጂን ነው ይለኛል፤ አባቱ ፈሪ ሆነ ይላል። እናንተስ ምን ትላላችሁ?»

«ከዚያ ወዲህ» ያሉት የ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳርን ነው። ከሰሜን የተፈናቀለው ሕዝብ የደሴን ትምህርት ቤቶች ሞልቶ ሳለ ውጊያው ወደ ሐይቅና ቦሩ ሜዳ ቀረበ፤ የከባድ መሣሪያ ድምፅ መኝታ ነሳ። ከጥቅምት 20 ቀን በኋላ ደሴና ኮምቦልቻ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ገቡ። መንግሥት ሁለቱን ከተሞች መልሶ መያዙን ያስታወቀው ኅዳር 27 ቀን ነበር። የልጁ ጆሮ ግን ከዚያች ወር ገና አልወጣም።

ለእናቱ በዚያች ሰዓት የሰጠነው መልስ እኛንም አላረካንም። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነውም ለዚሁ ነው።

አንጎላችን እንደ ወንፊት ያጣራል። ይህን ስታነቡ ልብሳችሁ ገላችሁን ይነካል፤ ውጭ ባጃጅ ያልፋል፤ እስክንጠቅሰው ድረስ ግን ልብ አላላችሁትም። ወፍጮ ቤት አጠገብ የሚኖር ሰው ወፍጮውን ልብ የሚለው ሲቆም ነው። ከማሽተት በስተቀር የስሜት ሕዋሳት መልእክት ሁሉ በአንጎል መካከል ባለው ታላመስ በሚባለው ክፍል ያልፋል። ይህ ክፍል ከፊተኛው የአንጎል ክፍል ጋር ሆኖ የማይጠቅመውን ያስቀራል።

ይህ ማጣራት ይለካል። በሰውየው ራስ ላይ የአንጎልን ኤሌክትሪክ የሚመዘግቡ ሽቦዎች ይለጠፋሉ። አንድ አጭር ድምፅ ይሰማል፤ ከግማሽ ሴኮንድ በኋላ ያው ድምፅ ይደገማል። የጤነኛ ሰው አንጎል ለሁለተኛው የሚሰጠው ምላሽ በጣም ያነሰ ነው፤ «ይህንንማ ሰምቼዋለሁ» እንደማለት። በአሜሪካ የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲው ሮበርት ፍሪድማንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ስኪዞፍሬኒያ ያለባቸውን ሰዎች ሲመረምሩ ግን ሁለተኛው ምላሽ እንደሚጠበቀው አልቀነሰም። በ1990ዎቹም ጦርነት አይተው በተጨነቁ ወታደሮች ላይ ተመሳሳይ ነገር ታየ።

በጦርነት የተጎዳ ሰው ላይ ሌላም ነገር ይጨመራል። አሚግዳላ የሚባለው ትንሽ የአንጎል ክፍል አደጋ ሲመጣ የሚጮህ ዘበኛ ነው። በጥይት መካከል ለሰነበተ ሰው ይህ ዘበኛ አለመተኛቱ ሕይወቱን ያተርፍለታል። ችግሩ የሚመጣው ሰላም ሲሆንም ዘበኛው ከሥራው አልወርድ ሲል ነው። የፊተኛው የአንጎል ክፍል «ተው፣ በረዶ ነው» የሚልበት ጉልበት ይደክማል። ጎረምሳው አልጋ ሥር የገባው አስቦበት አይደለም፤ እግሩ ከሐሳቡ ቀድሞ ነው። እንግዲህ ፈሪ ማለት ምን ይጠቅመዋል?

ስለ ጂንም ተጠይቀናል። በጂን መኖር እናምናለን፤ ዱዓና ቁርኣንም የሙእሚን መጠጊያ ናቸው። ይሁንና ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መድኃኒት እንፈልግ ወይ ተብለው ሲጠየቁ ታከሙ ማለታቸው በሐዲስ ተላልፏል። አቡ ዘይድ አል-በልኺም ከአንድ ሺህ ዓመት በፊት የአካልንና የነፍስን ጤና በአንድ መጽሐፍ ጎን ለጎን አስቀምጦ ስለ ፍርሃትና ጭንቀት ጽፏል። በእኛ አገር ሕመምተኛውን ድቤ ወደሚመታበት፣ ሰው ወደሚጨናነቅበት ቤት መውሰድ የተለመደ ነው። ድምፅ ማጣራት ላቃተው ሰው ይህ ምን እንደሚሆንበት አስቡት።

ጫትንም ሳናነሳ አናልፍም፤ አንዳንዶች ቅር ቢላቸውም። ሌሊቱን የሚፈራ ወጣት ነቅቶ ለመጠበቅ ይቅማል። ጫት ግን ያንኑ ዘበኛ ይበልጥ ያነቃዋል፤ እንቅልፍ ይነሳል፤ ለስኪዞፍሬኒያ የተጋለጠ ሰው ላይ ደግሞ ሕመሙን ሊቀሰቅስ ይችላል።

ሁለቱን ሕመሞች አታምታቱ። የሚበረግገው ልጅ የሚደነግጠው ሁላችንም በምንሰማው ድምፅ ነው። ማንም የማይሰማውን ድምፅ የሚሰማ፣ ሰው ያሳድደኛል የሚል፣ ራሱን የጣለ ወጣት ግን ሳይውል ሳያድር ሐኪም ይየው። አስሮ ማቆየት ሕክምናውን ከማዘግየት በቀር ፋይዳ የለውም። ለሁለቱም መድኃኒት አለ፤ ለጦርነት ጭንቀት ደግሞ ከሠለጠነ ባለሙያ ጋር መነጋገር ብዙ ይረዳል። በጦርነቱ ተዘርፎ የነበረው የደሴ ሆስፒታል ሥራውን ቀጥሏል፤ አዲስ አበባ ድረስ ሳይሄዱ እዚያ መጠየቅ ይቻላል።

ቤት ውስጥ የሚሠራውም ቀላል አይደለም። ከኋላው መጥቶ አለመንካት፣ ድምፅ የሚያወጣ ነገር ከመሥራት በፊት መናገር፣ ማታ ቴሌቪዥኑን ዝቅ ማድረግ፣ የመኝታ ሰዓቱን አለማዛባት። ከሁሉ በላይ አለመሳቅ።

ይህን ይዘን ገራዶ ተመለስን። አባትየው ዝም ብለው ሰሙንና «እኔም እኮ ሌሊት በሩን ሦስት ጊዜ ነው የማየው» አሉ። በማግሥቱ ጠዋት ልጃቸውን ይዘው ወደ ደሴ ወጡ። ትንሿ ልጅ ከኋላቸው በሩን ልትዘጋ ስትል ቆም አለችና «ወንድም ጋሼ፣ ልዘጋው ነው!» አለች።