የትምህርት ቤታችን ትንሿ ፍልውሃ

በኅዳር 2013 ዓ.ም. ድንበር ተሻግረን መንደር 8 ስንደርስ ካጣናቸው ነገሮች አንዱ ገላ መታጠቢያ ነበር። ልጅ ሳይታጠብ ሲሰነብት ያፍራል፤ አፍሮም ከክፍል ይቀራል። ስለዚህ ከወላጆችና ከተማሪዎች ጋር ሆነን የውሃ ማጥሪያ ሠራን።

አሠራሩ ቀላል ነው። ከበርሜሉ ሥር ጠጠር፣ ከላዩ ደግሞ በደንብ የታጠበ ደቃቅ አሸዋ እንደለድላለን። የወንዙ ውሃ ደለሉ ከዘቀጠ በኋላ ቀስ ተብሎ ይፈስበታል። በ2 ወይም በ3 ሳምንት ውስጥ በአሸዋው ፊት ላይ ረቂቅ ሕያዋን የሚኖሩበት ስስ ሽፋን ይፈጠራል፤ ብዙውን ጀርም የሚያስቀረው እሱ ነው። ሽፋኑ እንዳይሞት አሸዋው ምንጊዜም 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ውሃ መልበስ አለበት። እኛ በዕረፍት ሰሞን አድርቀነው ሥራውን እንደገና ጀምረናል።

የተጣራውን ውሃ በጥቁር በርሜል ፀሐይ ላይ እናቆመዋለን። የአዲስ አበባን ፍልውሃ ምድር ታሞቀዋለች፤ የእኛን የገዳሪፍ ፀሐይ። ለብ ያለ ውሃ ሲቆይ ጀርም ስለሚያራባ በጣሳ እየቀዳን እንታጠባለን እንጂ አንዘፈዘፍበትም። ለመጠጥ ግን ይፈላ ወይም ክሎሪን ይጨመርበት።

ልጆቻችን፣ ማጥሪያው የእናንተ አደራ ነው። በዕረፍትም ተራ ገብታችሁ ውሃ አጠጡት።