የኢንዶስኮፒ ኮርስና የጉዞ ድጋፍ፦ ከማመልከታችሁ በፊት

ከሬዚደንቶችና ከፌሎዎች በውስጥ መስመር ደጋግሞ የሚመጣልኝ ጥያቄ አለ፤ «ዶክተር፣ ውጭ አገር የኢንዶስኮፒ ኮርስ አለ፣ የጉዞ ድጋፍም ይሰጣል፤ ላመልክት?» አዎ፣ አመልክቱ። ግን መጀመሪያ ይቺን አንብቡ። ሀኪም ያልሆናችሁም አትለፉት፤ ነገሩ ዞሮ ዞሮ የእናንተው ጨጓራ ጉዳይ ነው።

የጉዞ ድጋፍ የሙያ ማኅበራት ወይም የኮርሱ አዘጋጆች በስልጠና ላይ ላሉ ሀኪሞች የሚሰጡት ገንዘብ ነው። አንዳንዱ የመመዝገቢያውን ክፍያ ብቻ ያነሳል፤ አንዳንዱ የአውሮፕላንና የሆቴል ይጨምራል። ደብዳቤው ሲደርሳችሁ ከገንዘቡ መጠን በፊት መቼ እንደሚከፈል ፈልጉ። ብዙ ጊዜ የሚከፈለው ሄዳችሁ፣ ተምራችሁ፣ ደረሰኝ ስታቀርቡ ነው። በሬዚደንት ደሞዝ ትኬት ቆርጦ ገንዘቡን መጠበቅ፣ ያውም ከሐምሌ 2016ቱ የምንዛሬ ለውጥ በኋላ፣ ምን ማለት እንደሆነ ታውቁታላችሁ። ስለዚህ አዘጋጆቹን «ትኬቱን እናንተ ቁረጡልኝ፣ ሆቴሉንም በቀጥታ ክፈሉልኝ» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። ይሄን ሳይጠይቁ ዕድሉን የሚተዉ ልጆች ያሳዝኑኛል።

ቀጥሎ ቪዛ። የአውሮፓ ኅብረት በሚያዝያ 2016 ባሳለፈው ውሳኔ ለኢትዮጵያውያን የሸንገን ቪዛ መደበኛ የመልስ ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን ረዝሟል። ቢያንስ 30 ሺህ ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ የጤና መድንም ይጠየቃል። ማመልከቻውን ከጉዞው 6 ወር ቀድሞ ማስገባት ስለሚቻል፣ የተቀባይነት ደብዳቤው እንደደረሰ ቀጠሮ ያዙ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። የሶስት ቀን ኮርስ ኢንዶስኮፒስት አያደርግም። የአሜሪካው የጨጓራና አንጀት ኢንዶስኮፒ ማኅበር አንድ ሰልጣኝ ብቃቱ ከመመዘኑ በፊት ቢያንስ 130 የላይኛው ክፍል ኢንዶስኮፒ መስራት አለበት ይላል። 130! ይሄ የሚሞላው እዚሁ፣ አስተማሪያችሁ አጠገባችሁ ቆሞ ነው። ኮርሱ የሚጠቅመው አንድን የተለየ ክህሎት ለማንሳትና የእጅን ስህተት ለማረም ነው። ስለዚህ «በእጄ እሰራለሁ ወይስ ስክሪን አያለሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። በሰው አገር ያለ ፈቃድ በሽተኛ መንካት ስለማይቻል ልምምዱ ብዙ ጊዜ በሲሙሌተር ወይም በአሳማ ጨጓራ ላይ ነው። አሳማ ሲባል ፊታችሁን አታጨማዱ፤ ጓንት አለ፣ ደግሞም በጣም ያስተምራል።

የትኛውን ክህሎት? እኔ የምመክረው ስትመለሱ በማግስቱ የምትሰሩበትን ነው። የጉበት በሽተኛ የምግብ ቧንቧው ላይ ያበጠው ደም ስር ፈንድቶ ደም እያስታወከ ሲመጣ፣ ደም ስሩን በላስቲክ ማሰር የሚችል ሀኪም መኖርና አለመኖር የሞትና የሕይወት ልዩነት ነው። ከአርሲና ከባሌ ደግሞ በምግብ ቧንቧ ካንሰር ምራቃቸውን እንኳ መዋጥ አቅቷቸው የሚመጡ ብዙ ናቸው። ስቴንት የሚባለውን ቱቦ ማስገባት ካንሰሩን ባያድንም ሰውየው ሾርባ፣ ገንፎ እንዲቀምስ ያደርገዋል። ኬንያ ቦሜት ያለው ቴንዌክ ሆስፒታል ይሄን ያለ ራጅ፣ በኢንዶስኮፒ ብቻ በመስራት ሰፊ ልምድ አለው። ኬንያ ለመሄድ ደግሞ ቪዛ አያስፈልገንም። የዓለም ጋስትሮኢንተሮሎጂ ድርጅት ማሰልጠኛ ማዕከላትም ካይሮ፣ ራባትና ሶዌቶ አሉ። ሁሉም ነገር አውሮፓ አይደለም ለማለት ያህል ነው።

በአንጻሩ የመጀመሪያ ደረጃ ካንሰርን በልዩ ቢላዋ ልጦ የማውጣት ኮርስ ያጓጓል። ግን ቢላዋው፣ ማሽኑና በዚያ ደረጃ የሚመጣው በሽተኛ ሆስፒታላችሁ ውስጥ አሉ? ከማመልከታችሁ በፊት የኢንዶስኮፒ ክፍሉን ነርስ አማክሩ። ምን ዕቃ እንዳለ፣ የቱ ስኮፕ እንደተበላሸ፣ ላስቲኩ መቼ እንዳለቀ ከሁላችንም በላይ የምታውቀው እሷ ናት።

የማመልከቻ ደብዳቤው ላይ ደግሞ «ሙያዬን ለማሳደግ» የሚለውን ተዉት፤ ሁሉም ይጽፈዋል። በወር ስንት እንዲህ ያለ በሽተኛ እንደምታዩ፣ ዛሬ ወዴት እንደምትልኳቸው፣ ስትመለሱ ለማን እንደምታስተምሩ ጻፉ። የክፍል ሀላፊያችሁም «ሲመለስ ይሄን ስራ እሱ ይጀምራል» ብሎ ይፈርምላችሁ። ፓስፖርታችሁ ከ6 ወር በታች ከቀረው ግን ከደብዳቤውም በፊት እሱን አሳድሱ።