አሮጌው የሮማ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ቤት

አንድ ሕንፃ የታነጸበት ሥራ ቢቀር፣ ሕንፃው መፍረስ ይገባዋልን? ለዚህ ጥያቄ የሮማ ከተማ መልስ አላት። በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1912 ዓ.ም. በኦስቲየንሴ መንገድ የተሠራውና በኋላ በጆቫኒ ሞንቴማርቲኒ ስም የተጠራው የኤሌክትሪክ ማመንጫ ቤት፣ ለከተማይቱ ሃምሳ ዓመት ያህል ብርሃን ከሰጠ በኋላ በ1963 ዓ.ም. ሥራውን አቆመ።

በ1997 ዓ.ም. የካፒቶሊኖ ቤተ መዘክር ሲታደስ፣ በዚያ የነበሩ ብዙ የጥንት የእብነ በረድ ምስሎች ለጊዜው ወደዚህ ቤት ተዛወሩ፤ ታላላቆቹ የናፍጣ ሞተሮችም ከስፍራቸው አልተነሡም። ነጩ እብነ በረድ በጥቁሩ ብረት ፊት ቆሞ መታየቱ ተመልካቹን ስላስደነቀ፣ ለጊዜው የታሰበው ማረፊያ ቋሚ ቤተ መዘክር ሆኖ ቀረ።

ስለዚህ አሮጌ ቤት እንዲፈርስ የሚያዝ ሹም፣ ከመፈረሙ አስቀድሞ ቤቱ ሌላ ምን አገልግሎት ሊሰጥ እንደሚችል ሊመረምር ይገባዋል። አዲስ ቤት በገንዘብ ይሠራል፤ የአባቶች የእጅ ሥራ ግን ከፈረሰ በገንዘብ አይመለስም።