ጥርስ ከመነቀሉ በፊት

ጥርስ ሲታመም የብዙ ሰው የመጀመሪያ ሐሳብ «ይነቀልልኝ» ነው። መንቀል ከሕመም ቶሎ ይገላግላል። ሆኖም የተቦረቦረ ጥርስ ብዙ ጊዜ ሊድን ይችላል፤ ሕክምናውን የሚወስነው ጉዳቱ የደረሰበት ጥልቀት ነው።

የጥርስ የላይኛው ሽፋን ኢናሜል ይባላል። ከአጥንት እንኳ የጠነከረ ነው። አጥንት ግን ቢሰበር ይገጥማል፤ ኢናሜልን የሚሠሩት ሕዋሳት ጥርሱ ከበቀለ በኋላ ስለማይኖሩ የተቦረቦረው ቦታ ተመልሶ አይሞላም። ባክቴሪያዎች ከስኳር የሚያመነጩት አሲድ ኢናሜሉን አልፎ ከሥሩ ያለውን ለስላሳ ክፍል ሲያገኝ ጉድጓዱ ይሰፋል። ቀዝቃዛ ወይም ጣፋጭ ሲነካው ጥርሱን ጠቅ የሚያደርገው ብዙውን ጊዜ ይህ ነው።

እዚህ ደረጃ ላይ ማስሞላት ይበቃል። ሐኪሙ የበሰበሰውን ጠርጎ ጉድጓዱን ይደፍነዋል። ለረጅም ዘመን መሙያው አማልጋም ነበር፤ ግማሽ ያህሉ ሜርኩሪ፣ የቀረው በዋናነት ብር፣ ቆርቆሮና መዳብ። ጠንካራና ርካሽ ቢሆንም ሜርኩሪው አካባቢን ስለሚበክል፣ የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2025 መጀመሪያ አንስቶ ለልዩ የሕክምና ምክንያት ካልሆነ በቀር ከልክሎታል። ዛሬ የተለመደው የጥርስ መልክ ያለው ኮምፖዚት ሲሆን በስሱ እየተነባበረ በሰማያዊ ብርሃን ይጠነክራል።

እኔን ይበልጥ የሚማርከኝ ግን እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ ታንዛኒያ ውስጥ የተጀመረው ዘዴ ነው። የኤሌክትሪክ መሰርሰሪያ አያሻውም። የበሰበሰው በእጅ መሣሪያ ይፋቅና ጉድጓዱ ግላስ አዮኖመር በተባለ፣ ከጥርስ ጋር በራሱ በሚጣበቅና ፍሎራይድ በሚለቅ መሙያ ይደፈናል። መብራት የሌለው ጤና ጣቢያ ወይም የገጠር ትምህርት ቤት ውስጥም ይሠራል። ለእኛ ገጠር ከዚህ የሚስማማ ሕክምና አይታየኝም።

መበስበሱ ነርቩ ጋ ከደረሰ ነገሩ ይለወጣል። እንቅልፍ የሚነሳው ሕመም ያኔ ይመጣል። ቅርንፉድ መንከስ ያስታግሳል፤ በውስጡ ያለው ዩጂኖል በእርግጥም ያደነዝዛል፤ መበስበሱን ግን አያቆምም። ሕመሙ በራሱ ጸጥ ሲል ደግሞ ብዙዎች የዳኑ ይመስላቸዋል። አብዛኛውን ጊዜ ግን የሞተው ነርቩ ነው፤ ኢንፌክሽኑ ወደ አጥንት መውረዱን ይቀጥላል። ሐኪሙ የሥሩን ውስጥ አጽድቶ ይደፍናል፤ ሩት ካናል የሚባለው ይኸው ነው። ጥርሱ የመንጋጋ ከሆነ ብዙ ጊዜ ክራውን የተባለ ሽፋን መልበስ አለበት፤ አለዚያ በማኘክ ብዛት ሊሰነጠቅ ይችላል። ሩት ካናል ተሠርቶለት ክራውኑ የቀረበት ጥርስ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ሊሆን ይችላል።

ከተነቀለ በኋላም መላ አለ። ብሪጅ፣ ማለትም ከጎን ጥርሶች ጋር የሚያያዝ ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ ግራና ቀኝ ያሉትን ጤነኛ ጥርሶች መሞረድ ይጠይቃል። ስዊድናዊው ብሮኔማርክ እ.ኤ.አ. በ1965 ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ላይ የተከለው የታይታኒየም ኢምፕላንት ደግሞ ከአጥንት ጋር እስኪዋሃድ ወራት ይፈጃል፤ ዋጋውም ከማስሞላት እጅግ ይበልጣል።

ስለዚህ ቀዝቃዛ ውኃ ጥርስዎን ጠቅ ካደረገው ሳይውል ሳያድር ይታዩ። «ይነቀል» ከተባሉም «ማዳን አይቻልም ወይ?» ብለው ይጠይቁ።